ጂፕ ለማን? ከአፉላ አስፋልት እስከ ጎንደር ኮረኮንች

በአፉላ የመኪና ማቆሚያዎችን ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው አንድ ለውጥ ግልጽ ነው፤ መኪኖቹ ቁመት ጨምረዋል። ዝቅ ያሉት የቤተሰብ መኪኖች እየቀነሱ፣ በቦታቸው ከፍ ያሉና ጎማቸው ትልልቅ የሆኑ መኪኖች እየቆሙ ነው። ሕዝቡ ሁሉንም በአንድ ስም «ጂፕ» ይላቸዋል። ለውጡ ወደ እኛ ማኅበረሰብ ቤቶችም ገብቷል። አርብ ቡና ሲፈላ ልጆች «አባዬ፣ ይቺን አሮጌ መኪና እንሽጥና ጂፕ እንግዛልዎ» ይላሉ። አባት ደስ ይላቸዋል። እናት ግን «ብድሩን ማን ይከፍላል?» ብለው ይጠይቃሉ።

የእናትየው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ወጪ መኪና ነው። በጡረታ ወይም በጡረታ ዋዜማ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ለዓመታት የሚቆረጥ ብድር ቀላል ሸክም አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ጥያቄ «የትኛው ጂፕ ጥሩ ነው?» የሚል ሳይሆን፣ «ይህ ቤተሰብ በዓመት ስንት ቀን ከአስፋልት ይወጣል?» የሚል ነው።

ጉዳዩ አሁን ለምን ተነሳ?

በእስራኤል አዲስ የቤንዚን መኪና የሚከፈልበት የግዢ ቀረጥ በመሠረቱ 83 በመቶ ነው፤ አየር የሚበክሉት በአነስተኛ መጠን በሆኑት ላይ ቅናሽ ይደረጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ለዓመታት 10 በመቶ ብቻ ይከፈልበት ነበር። ይህ ቅናሽ ቀስ በቀስ ተነሳ፤ በ2023 20 በመቶ፣ በ2024 35 በመቶ፣ በ2025 45 በመቶ ሆነ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክሱ (ማዓም) ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። በዚሁ ጊዜ የቻይና ኩባንያዎች ከፍ ያሉ መኪኖቻቸውን በብዛት ይዘው ገቡ። ሻጩ «ነገ ይወደዳል፣ ዛሬ ይግዙ» ማለት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀረጥ እየጨመረ መምጣቱ እውነት ነው። ሆኖም የቀረጥ ፍርሃት የማያስፈልግ ዕቃ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

ሌላው ምክንያት ትዝታ ነው። በጎንደርና በትግራይ ያደገ ትውልድ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪናን የሚያውቀው የሹም መኪና አድርጎ ነው። ላንድሮቨር የመጣ እንደሆነ መንግሥት መጣ ማለት ነው። ላንድክሩዘር የመጣ እንደሆነ ሐኪም፣ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሰው መጣ ማለት ነው። ሱዳን ድረስ በእግሩ ለተጓዘ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው መኪና ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ይህን ትዝታ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን የአፉላ ሻጭ የሚያሳየው መኪና ብዙ ጊዜ ያ መኪና አይደለም።

«ጂፕ» የሚባሉት ሦስት ዓይነት ናቸው

አንደኛው ዓይነት ጂፕ መሳይ ነው። ከውጭ ሲታይ ከፍ ያለ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ግን የሚደርሰው ለፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ ነው። በ2023 በእስራኤል ብዙ ከተሸጡት መኪኖች አንዱ የሆነው ኤሌክትሪኩ ቢ ዋይ ዲ አቶ 3 የዚህ ዓይነት ነው። ለከተማ ምቹ ነው። ወንበሩ ከፍ ስለሚል ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መግባትና መውጣቱ ይቀላል። ጭቃ ውስጥ ግን ከማንኛውም ትንሽ መኪና ብዙም አይሻልም።

ሁለተኛው ዓይነት ለአራቱም ጎማ ጉልበት ይሰጣል፤ ነገር ግን ለዳገትና ለድንጋያማ ቦታ የሚሆን ልዩ ዝቅተኛ ማርሽ የለውም። ሱባሩ ፎሬስተር፣ ባለ አራት ጎማ መንጃው ቶዮታ ራቭ 4 እና ዳሲያ ዳስተር ከዚህ ይመደባሉ። ለዝናብ፣ ለጠጠር መንገድ፣ በእርሻ መካከል ለሚያልፍ ደረቅ መንገድ ይበቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ራቭ 4 እና ዳስተር በሁለት ጎማም በአራት ጎማም ተሠርተው ይሸጣሉ፤ ስማቸውም መልካቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ገዢው «የኋላው ጎማ ጉልበት ያገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል አለበት።

ሦስተኛው ዓይነት እውነተኛው የገጠር መኪና ነው። አካሉ በወፍራም ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ላንድክሩዘር፣ ሱዙኪ ጂምኒ፣ እንዲሁም እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና ኢሱዙ ዲማክስ ያሉት ፒክአፖች ከዚህ ወገን ናቸው። ገደል ይወጣሉ። በአስፋልት ላይ ግን ትልልቆቹ ነዳጅ ይበላሉ፣ ለማቆም ያስቸግራሉ፣ ጀርባም ያነጥራሉ። ጂምኒ ትንሽ ስለሆነች ለማቆም ትመቻለች፤ ሆኖም ኋላ የሚቀመጡ የልጅ ልጆችና ዕቃቸው አብረው አይገቡባትም። በተጨማሪም በጂምኒና በብዙ ፒክአፖች አራቱን ጎማ የሚያስገባው ማርሽ በደረቅ አስፋልት ላይ ሊገባ አይገባውም። ጎማዎቹ ሲታጠፉ እኩል ስለማይዞሩ የመንጃው ብረት ይጨናነቃል፣ ይሰበራልም።

ዋልካውን የሚያውቅ ሰው

በኢይዝራኤል ሸለቆ ለሚኖር ሰው ዋናው ከአስፋልት ውጭ ያለ ፈተና ድንጋይ ሳይሆን ጭቃ ነው። የአፉላ ዙሪያ እርሻ ጥቁርና ከባድ ሸክላ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ይጣበቃል። ከደምቢያ የመጣ ሰው ይህን አፈር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዋልካ ነው። ክረምት በዋልካ ላይ የሄደ ሰው ጫማው ምን እንደሚሆን አይረሳም።

ይህ ሸለቆ ከጥንትም በጭቃው የታወቀ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት የሲሣራ 900 የብረት ሠረገሎች ድል የሆኑት በዚሁ ሜዳ፣ በቂሶን ወንዝ አጠገብ ነው። ሲሣራ በዘመኑ ከሁሉ የሚበልጠውን ተሽከርካሪ ይዞ ነበር፤ መጨረሻው ግን ከሠረገላው ወርዶ በእግሩ መሸሽ ሆነ።

የዛሬውም ተሽከርካሪ ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ዋልካ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ለስላሳ ያደርገዋል። ጥርሱ ከተሞላ አራቱም ጎማ ቢዞር አራቱም በአንድነት ይንሸራተታሉ። እዚያ ላይ ከአራት ጎማ መንጃ ይልቅ የሚጠቅመው ጥሩ ጎማ ነው፤ ከጎማም የሚበልጠው መሬቱ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። 

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ደግሞ ፍሬን ነው። አራት ጎማ መንጃ መኪናውን ለማስነሳት ይረዳል እንጂ ለማቆም አይረዳም። ማንኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ ነው፤ ስለዚህ በእርጥብ መንገድ ላይ ከባዱ ጂፕ ከትንሿ መኪና ቀድሞ አይቆምም። ከፍ ያለ በመሆኑም በኃይል ሲታጠፍ የመገልበጥ ዕድሉ ይበዛል። ጎርፍም እንዲሁ ነው። 30 ሳንቲሜትር የሚሆን የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪናን ሊወስድ ይችላል፤ 60 ሳንቲሜትር ደግሞ ጂፕን ጨምሮ አብዛኞቹን ይወስዳል። ወደ ቤት ሻንና ወደ ዮርዳኖስ ሸለቆ በክረምት የሚወርድ ሰው ጎርፍ ካየ መመለስ አለበት፤ ምን ዓይነት መኪና እንደያዘ ለውጥ አያመጣም።

ቀኖቹን መቁጠር

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አንድ የአፉላ ቤተሰብ በዓመት የት የት ይሄዳል? ወደ ሃዕሜክ ሆስፒታል፣ ወደ ገበያ፣ ዘመድ ወዳለበት ወደ ሐይፋና ወደ ነታንያ፣ ለሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ለሰርግና ለለቅሶ ወደ ደቡብ። ይህ ሁሉ አስፋልት ነው። በፌብሩዋሪና በማርች አበባ ለማየት ወደ ጊልቦዓ ተራራ የሚወጣው 667 ቁጥር መንገድም አስፋልት ነው፤ ተራ መኪና ይወጣዋል።

ከአስፋልት መውጣት የሚፈልግ ሰውም ሕግ አለበት። በተፈጥሮ ጥበቃ ቦታዎች ውስጥ ከተፈቀደውና ምልክት ከተደረገበት መንገድ ወጥቶ መንዳት ክልክል ነው። የሰው እርሻም የሰው ነው። ኢንሹራንሱን በተመለከተ፣ ማኪፍ የገዛ ሰው ውሉን ማንበብ ወይም ልጁን ማስነበብ ይኖርበታል። ብዙ ውሎች የመጎተት አገልግሎት (ግሪራ) የሚሰጡት መኪናው በተጠረገ መንገድ ላይ ከቆመ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ለተቀበረ መኪና የሚመጣው ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ከኪስ የሚወጣ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሁለት ጎማ በሚነዳውና በአራት ጎማ በሚነዳው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 40,000 ሼቅል ነው እንበል። መኪናው 8 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 5,000 ሼቅል ይሆናል። ቤተሰቡ በዓመት 5 ቀን ብቻ ከአስፋልት ቢወጣ፣ ለእያንዳንዱ ቀን 1,000 ሼቅል ከፈለ ማለት ነው፤ የነዳጁ፣ የጎማውና የሙሳኹ ተጨማሪ ወጪ ሳይቆጠር። በዚህ ገንዘብ ለእነዚያ ቀኖች ጂፕ መከራየት ይቻላል። በአንጻሩ ልጁ እርሻ ላይ የሚሠራ፣ ወይም በየሳምንቱ በጠጠር መንገድ የሚመላለስ ቤተሰብ 100 ቀን ይወጣል። ለእርሱ ያው 5,000 ሼቅል ሲካፈል በቀን 50 ብቻ ነው፤ መግዛቱ ያዋጣዋል።

ያገለገለ ጂፕ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ሌቪ ይጽሐቅ በሚባለው የዋጋ መዝገብ ላይ ያለው ዋጋ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ያድ ሪሾና መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የመጀመሪያው ባለቤት ሰው ነው ወይስ አከራይ ኩባንያ የሚለው ዋጋ ይቀንሳል። መኪናው ለግዢ ምርመራ ሲገባ ከሥሩ መታየት አለበት። በሻንሲው ውስጥ የደረቀ ጭቃ፣ የተጎዳ ዲፈረንሻል፣ የተጣመመ ብረት ካለ ባለቤቱ «ከከተማ አልወጣም» ቢልም መኪናው ይመሰክርበታል። አራቱ ጎማዎች በልክም በማለቅም መቀራረብ አለባቸው። ካልተቀራረቡ የአራት ጎማ መንጃው ክፍል ያለጊዜው ያልቃል።

ከጎንደር የሚመጣው ስልክ

ጉዳዩ አፉላ ላይ አያበቃም። ብዙ ቤተሰቦች ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመድ «መኪና ልግዛና ልሥራበት፣ እርዱኝ» የሚል ስልክ ይደርሳቸዋል። እዚያ መልሱ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም አገሩም ሕጉም ሌላ ነው።

የኢትዮጵያ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትር ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በጃንዋሪ 2024 (ጥር 2016 ዓ.ም.) የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገሪቱ እንደማይገቡ አስታወቁ። የተሰጠው ዋና ምክንያት አገሪቱ ነዳጅ የምትገዛበት የውጭ ምንዛሬ እጥረት ነው። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ነበር። በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ላንድክሩዘር እንደ ወርቅ የሚያዝ ንብረት ሆነ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋ አገር መጥፎ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አፉላ ግን 60 ሜትር አካባቢ ናት። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛውን አጣ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው አይደክምም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ችግሩ መሙያ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ መሆናቸው ነው። ለአዲስ አበባ ታክሲ የሚሆነው መኪና ወደ ወረዳ ለሚወጣ ሰው አይሆንም።

ለገጠር ደግሞ የመኪናው ጥንካሬ ብቻውን መልስ አይሆንም። መለዋወጫው የት ይገኛል? ሜካኒኩ ያውቀዋል? ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ በኢትዮጵያ የተወደዱት ስለማይበላሹ ብቻ ሳይሆን፣ ቢበላሹ በየከተማው የሚጠግናቸው ስለማይጠፋ ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከማርሽና ከጎማ ይቀድማል። ብር ከመላክ በፊት ዘመድን በየትኛው መንገድ፣ ምን ጭኖ፣ ስንት ቀን እንደሚሠራ መጠየቅ ክፋት አይደለም። መልሱን የሚያውቅ ሰው የሥራ ዕቅድ አለው ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ መልሱ ግን ይለያያል። በአፉላ ለሚኖር ለአብዛኛው አዛውንት ወንበሩ ከፍ ያለ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ጎማው ጥሩ የሆነ ተራ መኪና ይበቃል፤ ጠጠር መንገድ የሚያዘወትር ቤተሰብ ሁለተኛውን ዓይነት ይምረጥ፤ ሦስተኛው ዓይነት ሥራው ሜዳ ላይ ለሆነ ሰው ነው። አርብ ዕለት ቡና ሲፈላ አንድ ወረቀት ይውጣና ባለፈው ዓመት ከአስፋልት የተወጣባቸው ቀኖች ይቆጠሩ። ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ የእናትየውን ጥያቄ መመለስ አያስቸግርም።

መልካም መንገድ።