ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋን ጠይቁ

ከዱባይ፣ ከጓንጁ ወይም ከናይሮቢ ዕቃ ለምናመላልስ ሰዎች ደጋግሞ የሚመጣ ትዕዛዝ አለ፤ «ሁሉንም መኪና የሚያነብ ስካነር አምጡልኝ» የሚል። አዛዡ አንዳንዴ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እሑድ እሑድ በግቢው የራሱን መኪና የሚፈታታ አባወራ፣ ወይም ለኮምፒውተር ምርመራ በየጊዜው መክፈል የሰለቸው ሹፌር ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ እንዲህ ያለ ስካነር የለም። ዛሬ የምንገዛው ነገር ግማሹ ዕቃ፣ ግማሹ ፈቃድ ሆኗል። ዕቃው በሻንጣ ድንበር ይሻገራል። ፈቃዱ ግን ሩቅ አገር ካለ ኮምፒውተር የሚሰጥ፣ የሚታደስና የሚከለከል ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ የቤት መኪና ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት እንዲኖረውና የሞተሩን ብልሽት በአንድ ዓይነት ቋንቋ እንዲናገር አስገደደች። አውሮፓም በ2001 በቤንዚን መኪኖች ጀምራ ተከተለች። ሕጉ የወጣው ለመካኒክ ታዝኖ ሳይሆን የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነበር። ያም ሆኖ ጥቅሙ ለእኛም ተረፈን። ኢኤልኤም327 የሚባለውና በጥቂት ዶላር የሚገኘው አዳፕተር የሚሠራው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ሲገናኝ የሞተር ኮድ ያነባል፣ የውሃ ሙቀት ያሳያል፣ ኮድ ያጠፋል።

ስለዚህ «ርካሹ አይረባም» የሚሉትን አንሰማም። ቼክ ኢንጂን ለበራበት ኮሮላ ወይም ያሪስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፒ0301 ካለ የመጀመሪያው ሲሊንደር በትክክል እንደማይተኩስ ነግሮናል፤ ካንዴላውንና ኮይሉን ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር ቀያይሮ ማየት ለማንም አይከብድም። ድክመቱም መታወቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስና ኤርባግ ውስጥ አይገባም። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖችም ሶኬቱ ልክ ሆኖ ሳለ መልስ የማይሰጡበት ጊዜ አለ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ደግሞ የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም።

መቆለፉን ያፋጠነው በ2015 የሆነው ነው። ሁለት ተመራማሪዎች አንዲት ጂፕ ቼሮኪን ከሩቅ ሆነው በኢንተርኔት መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ፤ አምራቹም 1.4 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከል ጠራ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ኩባንያ ከ2018 ሞዴሎች ጀምሮ በሶኬቱና በመኪናዋ ኮምፒውተሮች መካከል በረኛ የሚሆን ሣጥን አስገባ። ፈቃድ የሌለው ስካነር ኮዱን ያነባል፤ ኮድ ማጥፋትና ክፍሎችን አንቀሳቅሶ መፈተሽ ግን ይከለከላል። ፎልክስዋገንም ከጎልፍ 8 እና ከአይዲ.3 ጀምሮ ኤስኤፍዲ የሚባል መቆለፊያ አመጣ። ቅንብር ለመቀየር ከኩባንያው ሰርቨር በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠየቃል፤ የተከፈተውም ለ90 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። በአውሮፓ ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የሳይበር ደኅንነት ደንብ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ መቆለፉ የአንድ ኩባንያ ጠባይ ሳይሆን የዘመኑ አካሄድ ነው።

መቆለፉ ምክንያት የለውም አንልም። በዚያው ሶኬት በኩል አዲስ ቁልፍ ቀርጸው መኪና የሚነዱ ሌቦች አሉ። የእኛ ጥያቄ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚል ነው። አውሮፓውያን ይህን ለፍርድ አቅርበዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጥቅምት 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ አምራች በሕጉ ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ምዝገባና የኢንተርኔት ግንኙነት፣ እየደረደረ ነፃ ጋራዦችን ማገድ አይችልም ብሏል። በአሜሪካም የማሳቹሴትስ መራጮች በ2020 ስለ መኪና መረጃ ድምፅ ሰጥተው የባለቤቱን መብት አስፍተዋል። እነዚህ ውሳኔዎች ግን ሱማሌ ተራ ወይም ሞያሌ ያለውን ጋራዥ አይጠብቁትም።

ጉዳዩ የሩቅ ነው ለምትሉ፣ መኪኖቹ ደርሰዋል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከቻይና የገቡ አይዲ.4 እና አይዲ.6 በየመንገዱ ይታያሉ። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መኪና አታስገባም፤ ይህ ማለት የሚገባው መኪና ሞዴል በየዓመቱ አንድ ዓመት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የተቆለፈውም ትውልድ በዚያው መጠን ይበዛል ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባውን አፍስሶ የገዛው መኪና ሲቆም፣ ሰፈር ያለው መካኒክ ብልሽቱን እያየ እጁ ታስሮ ሊቆም ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነገሩ ይብሳል። የሶኬቱ የጋራ ቋንቋ የተሠራው ለጭስ ነው፤ ጭስ የሌላት መኪና በዚያ ቋንቋ የመናገር ግዴታ የለባትም። ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘው ባትሪ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ግን ገዢ ማወቅ አለበት። ለኒሳን ሊፍ ሊፍ ስፓይ የሚባል መተግበሪያ ከአዳፕተር ጋር ሆኖ ይህን ያሳያል። ለሌሎች ብዙ ሞዴሎች ያንን የሚያሳየው የአምራቹ መሣሪያ ወይም ለሞዴሉ የተዘጋጀ ስካነር ነው። ካሊፎርኒያ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ የባትሪው ጤንነት ለባለቤቱ እንዲታይ የሚያስገድድ ደንብ በ2022 አውጥታ ነበር። እዚህ ያለ ገዢ ግን ብዙ ጊዜ የሻጩን ቃል ይዞ ነው የሚከፍለው። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይሏል ይህ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ከመኪናዋ ጀምሩ። ሞዴሏን፣ የተሠራችበትን ዓመት፣ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራችና የሻንሲ ቁጥሯን ጽፋችሁ ለሻጩ ስጡ። ቀጥሎ አራት ነገር ጠይቁ። ይህ ስካነር በዚህች መኪና ላይ ከሞተር ሌላ የትኞቹን ክፍሎች ያነባል? ማንበብ ብቻ ነው ወይስ መቀየርም ይችላል? የተቆለፈ ከሆነ ፈቃዱ በማን ስም በተከፈተ አካውንት ይመጣል፤ በእኛስ አገር ይሠራል? ነፃው ማሻሻያ ሲያልቅ ዕድሳቱ ስንት ነው፤ ሳይታደስስ ማንበቡን ይቀጥላል? ሻጩ ለአራቱም መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን አታውጡ።

መኪናውን ራሱ ለሚነካካ ሰው ደህና አዳፕተርና ስልክ ይበቃዋል፤ ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት ግን ይጻፈው። ኮድ ማጥፋት ጥገና አይደለም። ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይህችው አዳፕተር ትጠቅማለች። ኮድ ሲጠፋ መኪናዋ በራሷ ላይ የምታደርጋቸው ፍተሻዎች ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ መተግበሪያው ብዙዎቹን «አልተጠናቀቀም» ካለ፣ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። ያኔ ሻጩን «ምን ነበር ያጠፋኸው?» ማለት ነው።

ትልቁን ስካነር አንድ ሰው ብቻውን ባይሸከመው እንመርጣለን። በአንድ ሰፈር ያሉ አራት አምስት ጋራዦች ዕቁብ ጥለው አንድ ሕጋዊ መሣሪያ ቢገዙና የዕድሳቱን ክፍያ ቢካፈሉ፣ እያንዳንዱ የተሰበረ ፕሮግራም ይዞ ከሚንከራተት ይሻላል። በላፕቶፕ የሚሸጠው የተሰበረ ፕሮግራም ለአሮጌ መኪና ይሠራ ይሆናል፤ የኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ በሚፈልግበት ቦታ ግን በሩ ላይ ይቆማል።

የቀረው የእኛ የነጋዴዎቹ ድርሻ ነው። «ሁሉን ይከፍታል» ብሎ መሸጥ ይቅር። ስካነሩን በደንበኛው መኪና ላይ ሞክረን፣ የሚችለውንና የማይችለውን ደረሰኙ ላይ ጽፈን እንስጥ። መኪና የምናስገባም ከላኪው ጋር ስንዋዋል የጥገና መረጃና የመክፈቻ ፈቃድ ከማን እንደሚገኝ፣ የባትሪውንም ምርመራ ውጤት እንጠይቅ። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ላኪው ላይሰማው ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ መኪና የሚያዙ አስመጪዎች በማኅበር ሆነው ሲጠይቁ ግን ላኪው ገበያውን ላለማጣት መልስ ይፈልጋል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቻችንም ለሚገባው መኪና ዕድሜና ነዳጅ ደንብ እንዳወጡ ሁሉ፣ ለጥገና መረጃውም ደንብ ያውጡ። ሰው በገንዘቡ የገዛውን መኪና በሰፈሩ ማስጠገን ካልቻለ፣ ሊብሬው በስሙ መሆኑ ብዙም አይጠቅመውም።