ብቻውን ለሮጠ ማን ያጨበጭባል?
በባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ጀበና በተጣደበት በረንዳ ላይ ምርጫ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «ተቃዋሚው እንደማያሸንፍ እያወቀ ምን አስገባው?» ጥያቄው ከሜዳ አልበቀለም። በ2002 ዓ.ም. የወቅቱ ገዥ ፓርቲ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ አንዲት እንኳ ሳያስተርፉ ጠቀለሉት። ከጣና ዳር ራቅ ብሎ በገጠር ቀበሌ በተቃዋሚ ስም መቆም ከከተማው ይልቅ ይከብዳል። ማዳበሪያው በቀበሌ በኩል ነው፣ የድጋፍ ደብዳቤውም እንዲሁ፤ ገበሬው የምርጫ ምልክቱን ከማየቱ በፊት የቀበሌውን ሊቀ መንበር ፊት ያያል። ሥርዓቱም አንደኛ የወጣ ብቻ የሚገባበት በመሆኑ ከመቶ 49 ያገኘ ተወዳዳሪ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። እኔ ግን ተወዳዳሪን በወንበር ብቻ አልመዝንም። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ያገኘው 5 የፓርላማ ወንበር ነበር፤ ገዥው ብልጽግና ፓርቲ ከ400 በላይ። ሆኖም ከባሕር ዳር የተመረጡት የአብኑ ደሳለኝ ጫኔ (ዶ/ር) ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ሲሞግቱ የሰማ መራጭ፣ ድምፁ የት እንደደረሰ በጆሮው አረጋግጧል። የተሸነፈውም ቢሆን በከንቱ አልደከመም፤ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ምልክት እንዲኖር አድርጓል። አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ወረቀት ፊርማ መሰብሰቢያ እንጂ ምርጫ አይደለም። ብቻውን የሮጠማ መቼም አንደኛ ነው፤ ፍጥነቱን ግን ራሱም አያውቀውም።