የጨረቃ ድንጋይ ነው ብለውን…

ከመካከላችን አንዱ ሊያጭ ነው (እንኳን ደስ ያለህ በሉት!)። የወርቁ ዋጋ አልቀመስ ሲለው ዐይኑን ወደ ብር ቀለበት መለሰ። ሻጩም ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብልጭ የሚል ድንጋይ ያለበት ቀለበት አውጥቶ «የጨረቃ ድንጋይ ነው» አለው። ልጁ ዋጋውን ሲሰማ ምክር ፍለጋ ወደ እኛ መጣ። እኛ ደግሞ እንደ ልማዳችን ከምክሩ በፊት ክርክሩን አስቀደምን።

የጨረቃ ድንጋይ በአብዛኛው ኦርቶክሌዝ የተባለ ማዕድን ነው። ኦርቶክሌዝ ፌልድስፓር ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ይመደባል፤ ይህ ቤተሰብ ከምድር ቅርፊት ከግማሽ የማያንሰውን ይይዛል። ግራናይት ላይ የምናየው ነጭ ወይም ሮዝ ቅንጣት እሱ ነው። ፌልድስፓር በዝናብና በዘመናት ብዛት ሲበሰብስ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል፤ የጀበናችን አያት ነው ብንል አላጋነንም። ተፈጭቶም ለሴራሚክና ለመስታወት ሥራ ይውላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ተራ ድንጋይ እንዴት ጌጥ ሆነ? ማዕድኑ ከምድር በታች ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ፖታሲየም የበዛበትና ሶዲየም የበዛበት ክፍል ይለያዩና እንደ መጽሐፍ ገጽ በስሱ ይነባበራሉ። ብርሃን በንብርብሩ መሐል ሲበተን ድንጋዩ ደመና የሸፈናት ጨረቃ ይመስላል። ስሪላንካ በዚህ ድንጋይ ከጥንት የታወቀች ናት። ማዳጋስካር ደግሞ ብረት ቢጫ ያደረገው፣ ጥርት ያለ ኦርቶክሌዝ አላት።

ድክመትም አለው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ነው፤ ኳርትዝ 7 ስለሆነ አሸዋ ያለበት አቧራ ይጭረዋል። በሁለት አቅጣጫ፣ በ90 ዲግሪ ይሰነጠቃል፤ ስሙም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ቀጥ ያለ ስብራት» እንደማለት ነው። ስለዚህ ሽንኩርት ለሚከትፍና ልብስ ለሚያጥብ እጅ አይሆንም፤ ለአንገትና ለጆሮ ይሻላል። ማጽጃውም ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የቀስተ ደመና ቀለም የሚያሳየውና «የጨረቃ ድንጋይ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ኦርቶክሌዝ ሳይሆን ዘመዱ ላብራዶራይት ነው። ከመካከላችን «ካማረ ስሙ ምን ቸገረን?» ያለ አልጠፋም። እኛ ግን ይቸግረናል እንላለን።

ምክንያቱም ነገሩ ከስም አያልፍም ሲባል ኪስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀይ ፌልድስፓር መጀመሪያ «ከኮንጎ»፣ ኋላ ደግሞ «ከቲቤት» የመጣ እየተባለ ገበያ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ሳይቀር በውድ ተቸበቸበ። በኋላ በቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ አብዛኛው ፈዛዛ ቢጫ ፌልድስፓር ተወስዶ በከፍተኛ ሙቀት መዳብ እንዲሰርግበት እየተደረገ የቀላ ሆኖ ተገኘ። በኦሪገን ግዛት ግን ከተፈጥሮው መዳብ ያለበት ቀይ ፌልድስፓር አለ፤ ከ1987 ጀምሮ የግዛቲቱ ይፋዊ የከበረ ድንጋይ ነው። ሐሰተኛው ሲጋለጥ የሚጠረጠረው እውነተኛውም ጭምር ነው። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የቀላቀለ ነጋዴ የሚጎዳው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ንጹሕ በርበሬ ይዛ የተቀመጠችውን ጎረቤቱንም አይደል?

ድንጋይን በሙቀት ማሳመር ነውር ነው አላልንም። ነውሩ መደበቁ ነው። ሻጭ «ይህ ላብራዶራይት ነው፤ ይህኛው ቀለም ገብቶበታል» ቢል ምን ይጎድልበታል? ገዢስ «ስሙ ማነው? ምን ተደርጎበታል? ደረሰኝ ላይ ትጽፍልኛለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ያሳፍረዋል?

ጓደኛችን ተመልሶ ሄዶ ጠየቀ። ሻጩ «ወንድሜ፣ እኔም ያመጣልኝ ሰው እንደነገረኝ ነው የነገርኩህ» አለው። እውነቱን ይመስለናል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ከጉድጓዱ እስከ ሱቁ ሁሉም የሰማውን ያቀብላል፣ የሚከፍለው ግን የመጨረሻው ነው።

ልጁ ቀለበቱን ትቶ ተመሳሳይ ድንጋይ ያለበት የአንገት ሐብል ገዛ፣ በላብራዶራይት ዋጋ። ለእጮኛው ሲሰጣት ስሙን በትክክል እንዲነግራት አስምለነዋል።

ቸር ይግጠመን!