ቤተ ሙከራው ማታም ይከፈት

ቀን ሲያሠለጥኑ ወይም ሲያስተምሩ የሚውሉ የስፖርት ባለሙያዎች ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በትርፍ ጊዜ መማር መቻላቸውን እንደግፋለን። ለእነሱ ሲባል ግን የመግቢያው መስፈርት ዝቅ ይበል አንልም። ሁለተኛ ዲግሪውም፣ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም፣ የምርምር ፕሮፖዛሉም ይጠየቁ። ጥያቄያችን ከገቡ በኋላ ስላለው ጉዞ ነው።

የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ማታ ማታ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አይገፋም። የአንድን ሯጭ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም ለመለካት የመሮጫ ማሽኑ፣ የትንፋሽ መመርመሪያው፣ ባለሙያውና ሯጩ በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸው። ሯጩ ደግሞ ለውድድር እየተዘጋጀ ለተመራማሪ ብሎ ልምምዱን አያዛባም፤ ልክም ነው። ከፍታ ቦታ ላይ መሠልጠን በደም ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መከታተልም ሳምንታት ይፈጃል። ታዲያ ቤተ ሙከራው አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ከተቆለፈ፣ ከሥራ የወጣው ተማሪ መቼ ይለካ?

ከብቃት ፈተናው እስከ መመረቂያ ጽሑፍ መከላከያው ያለው የጊዜ ገደብ በመደበኛው ተማሪ ልክ ከተሰፋ፣ የትርፍ ጊዜ መርሐ ግብር ስሙ ብቻ ይቀራል። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜም በተማሪው ላይ አይቆጠር። የአሠሪው የድጋፍ ደብዳቤ ፋይል ማድመቂያ መሆኑ ይብቃ፤ ሠራተኛው በሳምንት ስንት ቀን ለትምህርቱ እንደሚለቀቅ ይጻፍበት። አማካሪውም የተማሪውን እርምጃ በየመንፈቁ በጽሑፍ ያሳውቅ። ይህ ሁሉ ተመቻችቶለት ሁለት መንፈቅ በተከታታይ ያልተራመደ ግን፣ አንቱ የተባለ አሠልጣኝ ቢሆንም፣ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ።