የሚጮኸው ስልክ የማን ነው?

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከደወሉ ድምፅ በስተኋላ አንድ ሰው ቆሞ እንደሚጠብቅ መዘንጋት በሥራ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ጉድለት ሆኖ እናገኘዋለን። ስልኩ አሥር ጊዜ ይጮኻል፤ በአጠገቡ ያሉት ሠራተኞች ቀና ብለው ያዩታል፤ ከዚያም «የእገሌ ነው፤ እርሱ ደግሞ ስብሰባ ገብቷል» ተባብለው ወደ ወረቀታቸው ይመለሳሉ። የሚደውለው ግን ከጎንደር ወይም ከጅማ ስለ ጡረታው ሊጠይቅ የፈለገ ሽማግሌ መምህር ሊሆን ይችላል። መልስ ሲያጣ ልጁን አስከትሎ አውቶቡስ ይሳፈራል። በሁለት ቃል ሊያልቅ ይችል የነበረው ጉዳይ የሁለት ቀን መንገድ፥ የአልጋ ኪራይና በደጅ መቆም ይሆንበታል። የዚህን ሰው ወጪ በየትኛውም የመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ተጽፎ አናየውም፤ ነገር ግን የከፈለው ሰው አለ።

እኛ የምንለው አጭር ነው። በመንግሥት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የወንበሩ ነው እንጂ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የግል ንብረት አይደለም። ሰውየው ቢታመም፥ ቢዛወር፥ ለምሳ ቢወጣ፥ መሥሪያ ቤቱ አልታመመም፤ አልተዛወረም፤ በሩም አልተዘጋም። ስለዚህ የጮኸውን ስልክ በክፍሉ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ እንዲያነሣው መደረግ አለበት።

መድኃኒቱም ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት በኮምፒዩተር መረብ የሚሄደው ስልክ በተርታ የተደረደሩ ቁልፎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የአንድ ባልደረባ የውስጥ ቁጥር ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ራሱ «የዚህ መስመር ሁኔታ በተለወጠ ጊዜ አስታውቀኝ» ብሎ ለማዞሪያው ጥያቄ ያቀርባል፤ ማዞሪያውም በየጊዜው ያስታውቀዋል። በብዙዎቹ ስልኮች መስመሩ ነፃ ሲሆን መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ሲደወልበት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰው ሲነጋገርበት ቀዩ ሳያቋርጥ ይበራል። ብልጭ ድርግም የሚለውን ቁልፍ የተጫነ ሰው የባልደረባውን ጥሪ ከወንበሩ ሳይነሣ በራሱ ስልክ ይቀበላል። መስመሩ ነፃ ሳለ ያንኑ ቁልፍ ቢጫን ደግሞ ባልደረባውን ይጠራበታል።

አሳቡ እንግዳ እንዳይመስል ወደ ኋላ እንመልከት። ማዞሪያው በሰው እጅ ይሠራ በነበረበት ዘመን አገናኟ ማን ነፃ እንደ ሆነ፥ ማን እንደ ተያዘ በፊቷ ካለው ሰሌዳ ላይ ታይ ነበር። አልሞን ስትራውጀር የተባለው አሜሪካዊ ቀባሪ፥ እንደሚተረከው፥ አገናኟ ደንበኞቼን ወደ ሌላ ትመራብኛለች ብሎ ተቈጥቶ በራሱ የሚያገናኝ ማዞሪያ ፈለሰፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በማግሥቱ ዓመት በ1892 በኢንዲያና ግዛት በላፖርት ከተማ ማዞሪያው ሥራ ጀመረ። አድልዎው ቀረ፤ ነገር ግን ቤቱን የሚያውቀው ዓይን አብሮ ጠፋ። ማሽን የታዘዘውን ቁጥር ይደውላል እንጂ «አቶ እገሌ ወጥተዋል፤ ለሌላ ላገናኝዎ» አይልም። በቁልፍ ላይ የሚበራው መብራት የተፈለገው ይህን የጠፋ ዓይን ለመመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች 4235 ተብሎ በተቈጠረው ሰነድ የመስመርን ሁኔታ የማስታወቂያውን ሥርዓት በጽሑፍ አጸኑት፤ ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ ስልክ ከሌላው ማዞሪያ ጋር ሊግባባ ይችላል። በአገራችን ስልክ ከገባ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመውም በ1945 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን በስልክ ኖረን የባልደረባችንን ስልክ ማንሣት ገና የሚያከራክረን መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን ቃል እንምጣ። አንደኛው ወገን «ይህ ስለላ ነው» ይላል። ፍርሃቱን አንንቅም፤ ነገር ግን መብራት የሚናገረውን ከማይናገረው መለየት ይገባል። መብራቱ መስመሩ ተይዟል ወይም አልተያዘም ይላል እንጂ በመስመሩ ላይ የተነገረውን ቃል አያሰማም። በሰው ንግግር ላይ ጆሮ መጣል ሌላ መሣሪያና ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ነገር ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰው የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ስለ ደነገገ፥ በመብራት ስም ጆሮ የሚጥል ሹም ቢገኝ ከሁሉ አስቀድመን የምንከሰው እኛ ነን። አንዳንዱ ስልክ በተጠራው መስመር ላይ የደዋዩን ቁጥር ጭምር ለባልደረባ እንደሚያሳይም አንሸሽግም። ስለዚህ አቤቱታ የሚሰማበት፥ የሕሙማን ወይም የሠራተኞች የግል ጉዳይ የሚነገርበት ጠረጴዛ ከሌላው መብራት ጋር ሊያያዝ አይገባውም። ይህ በጥቂት ጠረጴዛዎች ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው እንጂ መቶውን ጠረጴዛ ደንቆሮ አድርጎ ለማስቀመጥ ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው ወገን «የማላውቀውን ጉዳይ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ይላል። ማንም ሰው በባልደረባው መዝገብ ላይ ውሳኔ ይስጥ አላልንም። ከሚያነሣው ሰው የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፤ የደዋዩን ስም መጻፍ፥ ጉዳዩን በአንድ መስመር ማስፈር፥ መልሶ የሚደወልበትን ቁጥርና ጊዜ መያዝ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሠራተኛ ይህን ለመሥራት ተጨማሪ ሥልጠና አያስፈልገውም። ከዚህም አልፎ የአንድ ክፍል ጉዳይ ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ተቈልፎ የሚገኝ ከሆነ፥ በሽታው ከስልኩ ይልቅ በክፍሉ አሠራር ላይ ነው፤ ያልተነሣው ስልክ ሕመሙን ሸፍኖት ኖረ እንጂ አላዳነውም።

ሦስተኛው ወገን «በጀት የለም» ይላል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ይሏል ይህ ነው። በጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ቁልፎቹን ይዞ ተገዝቷል፤ ማዞሪያውም ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ የቀረው መመዝገብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው አስቴሪስክ የተባለው የማዞሪያ ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን የመስመርን ሁኔታ ማስታወቅንም፥ የሌላን ጥሪ ማንሣትንም ይችላል። መብራት የሌለው አሮጌ ስልክ እንኳ ቢሆን በማዞሪያው ላይ በተወሰነ አጭር ቁጥር የክፍሉን ጥሪ ሊያነሣ ይችላል። እንግዲህ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን የአንድ ባለሙያ ጥቂት ቀንና የአንድ ሹም ፊርማ ነው።

አራተኛው ወገን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው። እርሱ «ባለጉዳዮቼ ሞባይሌን ያውቁታል» ብሎ ይመካል። ማን ነው የሚያውቀው? ዘመድ ያለው፥ ወዳጅ ያለው፥ በሰው በሰው የደረሰው ነው። ወዳጅ የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይደውላል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ባዶ ወንበር ላይ ይጮኻል። እንዲህ ሲሆን የሕዝብ መብት የነበረው ነገር የአንድ ሰው ችሮታ ሆኖ ይለወጣል። ሠራተኛውም ሲዛወር ቁጥሩን በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ ተከታዩ ሠራተኛ ባለጉዳዩን አያውቀው፤ ባለጉዳዩም መሥሪያ ቤቱን ያጣዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን በግማሽ ልብ ማቆም ካለማቆም የማይሻል ስለ ሆነ፥ ለአለቆች ጥቂት ማሳሰቢያ እናቀርባለን። በማዞሪያው ላይ የየመስመሩ ሁኔታ እንዲገለጥ ካልተደረገ በቁልፉ ላይ ቁጥር መጻፉ ብቻ መብራቱን አያበራውም። ጥሪ የማንሻው ትእዛዝ ካልተመዘገበ ደግሞ ሠራተኛው ብርሃኑን እያየ እጁ ያጥርበታል። እያንዳንዱ መስመር የየትኛው ቡድን እንደ ሆነና የየትኛውን ቡድን ጥሪ ለማንሣት እንደ ተፈቀደለት ለየብቻ ይወሰን፤ አስቴሪስክ ለዚሁ ከ0 እስከ 63 የተቈጠሩ ቡድኖች አሉት። የሂሳብ ክፍል የሂሳብን፥ የመዝገብ ቤት የመዝገብ ቤትን ያንሣ እንጂ ሁሉ ሁሉን አያንሣ። ሰው በተዛወረ ቁጥር ቁልፉ ይታደስ፤ የሄደ ሰው ስም የተለጠፈበት ቁልፍ ሠራተኛውን ያሳስታል። ሥራው ሲያልቅም አንዱ ይደውል፥ አንዱ ስልኩን ይተወው፥ ሦስተኛው ያንሣው፤ በዚህ ሳይፈተን ርክክብ አይፈረም።

ደግሞም አለቆች መብራቱን አለንጋ አያድርጉት። የእገሌ መስመር ስንት ደቂቃ ቀይ ሆነ እያሉ በሠራተኛ ላይ መቍጠር ቢጀምሩ፥ ሠራተኛው ስልኩን ያለ ሥራ አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ መብራቱም ውሸት መናገር ይጀምራል። ይልቁንስ ያልተነሣውን ጥሪ ይቍጠሩ፤ የሚያሳፍረውም የሚያስመሰግነውም ክፍሉን በሙሉ ይሁን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ ይህ የሹማምንት ጉዳይ ነው ብለው አይለፉት። ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው ወጣት ነገ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ «የእኔ ስልክ አይደለም» የሚለውን ቃል ከእኛ የሚወርስ ከሆነ ያወረስነው እኛ ነን። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከነገ ጠዋት ጀምረው አንድ ክፍል ይምረጡ፤ የመስመሮቹን ዝርዝር ለባለሙያ ይስጡ፤ ማን የማንን ጥሪ እንደሚያነሣ በጽሑፍ ይወስኑ። ከዚያ ወዲያ ስልክ በጮኸ ጊዜ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቅር፤ ቅርብ ያለው ያንሣው።