ሰሜኑን ሳናመለክት ድንጋይ አናንሣ

ደለል ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የታጠበ ማሳንና የተሞላ ግድብን ነው። «የናቁት ያደርጋል ራቁት» እንዲሉ፣ ይኸ የናቅነው ጭቃ የምድርን ታሪክ መዝግበው ካቆዩልን አንዱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንነጋገርበት እንወዳለን። የምንነጋገረውም ዕውቀት ለማሳየት አይደለም፤ ለመስክ ትምህርት በወጣን ቁጥር በገዛ እጃችን የምናጠፋው ነገር ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዝ ወደ ሐይቅ በሚያመጣው ደለል ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ኮምፓስ መርፌ ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም የምድር ማግኔት ወደ ሰሜን ያዞረዋል፤ የውሃው መናወጥና የሌሎች ቅንጣቶች ግፊያ ደግሞ ያዛባዋል። ስለዚህ ሁሉም አይሰለፉም፤ በጠቅላላው ግን ወደ ሰሜን ያደላሉ። ከታች ከደረሱም በኋላ ጭቃው ውሃ እስካዘለ ድረስ ጥቂቶቹ ገና መዞር ይችላሉ፤ ትሎችም ያምሷቸዋል። አዲስ ደለል ከላይ ሲከመር ውሃው ተጨምቆ ይወጣና ቅንጣቶቹ ባሉበት ይታሰራሉ። የዚያ ዘመን ሰሜን ተመዘገበ ማለት ያን ጊዜ ነው።

ሰሜን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ወገን አልኖረም። ፈረንሳዊው በርናር ብሩን እ.ኤ.አ. በ1906 ማግኔቱ የተገለበጠ ድንጋይ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማም በ1929 መገለባበጡ ዘመን እንዳለው አሳየ። የመጨረሻው ትልቅ መገልበጥ የሆነው ከ770 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ የተገለበጡና ያልተገለበጡ ንብርብሮችን ተራ የሚያነብ ሰው የደለሉን ዕድሜ ለማወቅ አንድ መንገድ አለው። ድንቅነሽ በ1974 በተገኘችበት በሐዳር፣ የእሳተ ገሞራው አመድ በአርጎን ሲለካ የዓመት ቁጥር ይሰጣል፤ በአመዶቹ መካከል ላለው ደለል ደግሞ ማግኔቱ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ደለል የሚያዛባው ነገርም አለ። ቅንጣቶቹ ጠፍጣፋ ወይም ሞላላ ሲሆኑ ከታች ሲደርሱ ይጋደማሉ፤ ጭቃውም ሲጫነው የባሰ ይተኛል። ኪንግ የተባለው ተመራማሪ በ1955 ይህንን በሙከራ አሳይቷል። የዝንባሌው ታንጀንት በግማሽ ቢቀንስ፣ 60 ዲግሪ የነበረው 41 ዲግሪ ሆኖ ይገኛል። በእኛ አገር ግን ይኸ ስሕተት ያነሰ ነው፤ የማግኔት መስኩ ራሱ ተጋድሞ ነውና። አዲስ አበባ ለማግኔቱ ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ በነፃ የተንጠለጠለ መርፌ እዚህ ሊጋደም ምንም አይቀረው።

ጥቅማችን ይኸ ከሆነ፣ ጉዳታችንም ከዚሁ ይወጣል። በአውሮፓ መርፌው በኃይል ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ መስኩ ሲገለበጥ ወደ ላይ ያመለክታል፤ የድንጋዩን ላይና ታች ያወቀ ሰው መገልበጡን ያውቃል። በእኛ ዘንድ ግን ልዩነቱ የሰሜንና የደቡብ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ሰሜኑ ያልተመለከተ የኢትዮጵያ ደለል ተገልብጦ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ለመናገር እጅግ ያስቸግራል። በጨው ባሕር በ2014 እስከ 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ የወጣው ደለል ታላቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን እየተሽከረከረ የሚወጣ የመሰርሰሪያ ዘንግ ሰሜኑን ሊያጣ ይችላል። በገደል ላይ የተገለጠ ንብርብር ግን ሰሜኑን አያጣም፣ የሚያጠፋበት ሰው ካልመጣ በቀር።

እኛም የምናጠፋ ሆነናል። በመዶሻ ገምሰን፣ በከረጢት ከተን፣ የቦታውን ስም ጽፈን እንመለሳለን። ሣጥኖቻችን ለመንካት እንጂ ለመጠየቅ በማይሆኑ ድንጋዮች ተሞልተዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መለኪያው መሣሪያ ውድ ነው፤ ኋላ የተደረበበትንም ማግኔት በሙቀት ማጥራት ያሻል፤ ታዲያ ምልክቱ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ይኸ እውነት ነው፤ መልሱም ከዚያው ውስጥ አለ። ምልክት ያለበት ድንጋይ መሣሪያው እስኪመጣ ሃያ ዓመት መቆየት ይችላል። ምልክት የሌለበት ግን መሣሪያው በማግስቱ ቢመጣም አይጠቅመውም። ኮምፓስ፣ ውሃ ልክና ቀለም ደግሞ የማናገኛቸው ዕቃዎች አይደሉም።

ስለዚህ አሳባችን አጭር ነው። ከእንግዲህ ለመስክ ስንወጣ ድንጋዩ ከአለቱ ሳይላቀቅ ሰሜኑንና አግድሙን እናስምርበት፤ ያልተሰመረበትንም ወደ ሣጥን አናስገባ። አንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የዚያች ደቂቃ ስንፍና ግን ጭቃው ሚሊዮን ዓመት የጠበቀውን ቃል ያጠፋል።