ልጁ አልተረገመም

ዓርብ ዓርብ አል አስማኽ ስንገናኝ አንዲት እህታችን ሦስት ዓመት አልፎት ገና ቃል ያላወጣ ልጇን ከአባቱ ጋር ቤት ትታው ትመጣለች። የምንለውን ታውቃለችና። ቡዳ ነው እንላለን፤ የእናት ኃጢአት ነው እንላለን፤ ደግ የሆንን ሲመስለን ደግሞ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እንላለን። በዚሁ ምክር መስማቱ እንኳ ሳይመረመር ዓመት አለፈ።

ሕክምና የምንማረውም ብንሆን የምንኮራበት ታሪክ የለንም። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝምን በእናት ፍቅር ማጣት ሲያሳብብ ብዙ ሐኪም አምኖት ነበር። (ቡዳውን ነጭ ጋውን አለበስነው እንጂ ምን ጨመርን?) ሐሳቡ ውድቅ ከሆነ ቆይቷል። በአገራችን ዝምታውን ከሰበሩት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበሩም፤ የራሳቸውን ልጅ ያሳደጉ እናት ሆነው ነው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት። የዓለም የኦቲዝም ቀን እ.ኤ.አ. በ2007 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውም ይህችው የምንኖርባት ኳታር ባቀረበችው ሐሳብ ነው።

ማኅበራችን ከመግለጫ ይልቅ ሰው ይመድብ። ለምርመራ ስትሄድ ዐረብኛ የምንችል አብረናት እንሂድ፤ ዓርብ ልጁን ይዛው ትምጣ፣ በተራ እንይዝላታለን። በስብሰባው መካከል ቢጮኽም ዞር ብለን አንይ።